ነጭ ፀጉር፣ ሰማያዊ ዓይን፣ የማይሰማ ጆሮ

የአንባቢዎች ጥያቄና የእንስሳት ሐኪም መልስ

ባለፈው እትም ስለ ድመት ክትባት ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ክትባትን አያነሡም። የሚጠይቁት ስለ ዲኤንኤ ወረቀት ነው። ዘራቸው የተመዘገበ ድመቶችን የሚያረቡ ሰዎች አሁን አሁን ግልገል ሲሸጡ ከክትባት ደብተሩ ጋር የላቦራቶሪ ውጤት ያቀርባሉ። ገዢውም ወረቀቱ ምን እንደሚል ሳይረዳ ማኅተሙን አይቶ ልቡ ይረጋል። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጬአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ። ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የአሥር ዓመት ልጄ ለልደቷ ድመት እንድገዛላት ስለለመነችኝ የቱርክ አንጎራ ከምታረባ ሴት ዘንድ ሄድን። ልጄ የመረጠቻት ግልገል ከራስ እስከ ጅራት ነጭ ናት፤ አንዱ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ሌላው የማር ቀለም ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ነጭ ድመት አትሰማም ሲባል ስለሰማሁ ሻጭዋን ጠየቅኋት። የእናትየዋንና የአባትየውን የዲኤንኤ ውጤት አሳየችኝ፤ ከበሽታ ንጹሕ ናቸው ይላል። ቀጥላም ከግልገሏ ኋላ ቆማ ስታጨበጭብ ግልገሏ ዞር አለች። ይህ ይበቃል? ልጄ ሌላ ድመት አልፈልግም ብላ ታለቅሳለች።
*እናት፣ ከፍራንክፈርት*

መልስ። እህቴ፣ አይበቃም። ሻጭዋ ዋሽታለች ማለቴ አይደለም፤ ወረቀቱም እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እርስዎ የጠየቁት ስለዚህች ግልገል ጆሮ ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ወላጆቿ ዘር ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ባለማየት ብዙ ቤተሰብ አዝኖ አይቻለሁና ዘለግ አድርጌ ብመልስልዎ ይታገሡኝ።

“ንጹሕ” የሚለው ቃል ላቦራቶሪው የመረመራቸውን በሽታዎች ብቻ ይመለከታል፦ ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያወጣውን፣ የልብ ጡንቻ የሚያወፍረውን፣ ሬቲናን፣ ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ የሚያጠፋውን፣ እነዚህን የመሳሰሉትን። ነጭነት ከበሽታዎቹ ጋር አይቆጠርም፤ ቦታው የፀጉር ቀለም ክፍል ነው። ወረቀቱን እንደገና ይጠይቋትና በዚያ ክፍል “ደብልዩ” (W) የምትባለዋን የላቲን ፊደል ይፈልጓት። ሙሉ ነጭ የሆነው ወላጅ ውጤት ላይ ያገኟታል። ከበሽታ ሁሉ ንጹሕ የተባለ ድመት ይህችን ፊደል ይዞ ይኖራል ማለት ነው።

የፊደሏ ምስጢር የተፈታው በ2014 ነው። ኪት የሚባል ዘረመል አለ። በጥንት ዘመን የድመትን ዘር የወረረ አንድ ሬትሮቫይረስ፣ ማለትም ራሱን በሕዋስ ዲኤንኤ ውስጥ የሚሰነቅር ቫይረስ፣ ቅሪቱ በዚህ ዘረመል ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ቅሪቱ ሙሉ ሲሆን ድመቷ ነጭ የጣለባት ቡራቡሬ ትሆናለች፤ የቅሪቱ ጫፍ ብቻ ሲቀር ግን ሙሉ በሙሉ ነጭ ትሆናለች። ለዚህ ከአንድ ወላጅ የመጣ አንድ ቅጂ ይበቃል። ጥቁርም ዳማም የመሆን ዘር ቢኖራት ደብልዩ ሁሉንም ትሸፍነዋለች።

ጆሮ ከፀጉር ጋር ምን አገናኘው? ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት የሚነሡት ከፅንሱ የጀርባ መስመር ነው። ከዚያ ወደ ቆዳ፣ ወደ ዓይንና ወደ ውስጥ ጆሮ ይጓዛሉ። ኪት ለዚህ ጉዞ ስንቃቸው ነው። ደብልዩ ያለባት ፅንስ ውስጥ ብዙዎቹ በመንገድ ይቀራሉ። ቆዳ ካልደረሱ ፀጉሩ ነጭ ይሆናል፤ አይሪስ (ባለቀለሙ የዓይን ክፍል) ካልደረሱ ዓይኑ ሰማያዊ ይሆናል። ውስጥ ጆሮ ካልደረሱ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በዚያ ያለውን ፈሳሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ጠብቀው የሚያቆዩት እነርሱ ናቸውና፣ በሌሉበት የመስማት ሕዋሳቱ ግልገሏ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ። ከሞቱ በኋላ የሚመልሳቸው መድኃኒት የለም።

የትኞቹ ሕዋሳት የት ደረሱ የሚለው ከግልገል ግልገል፣ እንዲያውም ከጆሮ ጆሮ ይለያያል። ከአንዲት እናት በአንድ ሌሊት ከተወለዱ ሦስት ነጭ ግልገሎች አንዷ በሁለቱም ጆሮዋ፣ ሌላዋ በአንዱ ብቻ ልትሰማ፣ ሦስተኛዋም ጨርሶ ላትሰማ ትችላለች። ሦስቱም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ነው የሚወጣላቸው። የዲኤንኤ ምርመራ ይህችን ድመት ትሰማለች ወይም አትሰማም ብሎ መለየት የማይችለው ለዚህ ነው።

የዓይን ቀለም ፍንጭ ይሰጣል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ድመቶች ሁልጊዜ አይሰሙም ብሎ ጻፈ፤ በኋላ ግን ቃሉን አለዝቦ “ሙሉ ነጭ የሆኑና ሰማያዊ ዓይን ያላቸው፣ በአብዛኛው” አለ። እርማቱ ትክክል ነበር። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድመት ጤና ማዕከል እንደሚያስቀምጠው፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሰማያዊ ከሆኑ ነጭ ድመቶች ከ65 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት አይሰሙም። አንዱ ዓይን ብቻ ሰማያዊ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። ሰማያዊ ዓይን ከሌላቸውም ከ17 እስከ 22 በመቶ አሉበት። የልጅዎ ግልገል መካከለኛው ምድብ ውስጥ ናት። በአንድ ጆሮዋ ብቻ የማትሰማ ከሆነች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በሰማያዊው ዓይን በኩል ያለው ጆሮ ነው።

ወደ ጭብጨባው ልምጣ፤ ይህ የራሴ ቁስል ነው። ገና ሥራ በጀመርኩበት ክሊኒክ አንድ ሰው ነጭ ግልገል ይዞ መጣ። ከኋላዋ አጨበጨብኩ፤ ዞረች። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ዞረች። በካርዷ ላይ “ትሰማለች” ብዬ ፈረምኩ። ከአምስት ወር በኋላ ሰውየው ተመልሶ መጣና ጎረቤቱ ሲቀልብለት የነበረ ውሻ ከኋላዋ መጥቶ እንደነከሳት፣ ሲጮኽባት ንቅንቅ እንዳላለች ነገረኝ። በመሣሪያ ስትመረመር ሁለቱም ጆሮዎቿ አይሠሩም። ያን ቀን የዞረችው ድምፄን ሰምታ አልነበረም፤ የእጄ ነፋስ ፀጉሯን ነክቶት፣ ጥላዬም ግድግዳው ላይ ተንቀሳቅሶ ነው።

ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። ደብረ ብርሃን ባደግኩበት ቤት ነጭ ድመት ነበረችን፤ ስሟ እንደ ብዙዎቹ ድመቶች ውሮ ነበር። እናቴ ምድጃ ሥር የተኛችውን ውሮን ስትፈልጋት አትጠራትም፤ ወለሉን በተረከዟ ትመታለች፤ ውሮም ብድግ ትላለች። ማንም ሳያስተምራት ድመቷ በእግሯ መዳፍ እንደምትሰማ እናቴ አውቃ ነበር። ውሮ የሞተችው ግቢያችን ውስጥ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ረግጧት ነው። ሞተሩ ሲጮኽ ፀሐይ ላይ ተጋድማ ነበር።

ስለዚህ፣ እህቴ፣ ከሻጭዋ የሚጠይቁት “ቤር” (BAER) የሚባለውን የጆሮ ምርመራ ውጤት ነው። ሐኪሙ እንደ መርፌ የቀጠኑ ኤሌክትሮዶችን ከጭንቅላቷ አናትና ከጆሮዎቿ አጠገብ ቆዳዋ ሥር ያስገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ማደንዘዣ ይሰጣል። ከዚያ በአንዱ ጆሮዋ አጫጭር የቀጭ ቀጭ ድምፆች ይለቀቃሉ፤ ሌላው ጆሮ በሹክሹክታ መሰል ድምፅ ይሸፈናል። ኮምፒውተሩ አንጎል ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ በመቶዎች ጊዜ መዝግቦ አማካዩን ያወጣል። የሚሰማ ጆሮ ከመቶኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተከታታይ ሞገዶችን ያሳያል፤ የማይሰማ ጆሮ መስመሩ ዝርግ ነው። ከስድስት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ስለሚሠራ የእርስዎ ግልገል ደርሳለች። ይህ የዘር ችግር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚያበቃ አንዴ ከተመረመረች ይበቃል። ውጤቱ የግራና የቀኝ ጆሮን ለየብቻ የሚያሳይ፣ የቆዳ ሥር መለያ ቁጥሯም የተጻፈበት ይሁን።

የምትኖሩት ጀርመን ነውና ይህንንም ልጨምር። የአገሪቱ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 11ለ ልጆቻቸው ጉድለት ያለበት አካል ይዘው ተወልደው እንደሚሠቃዩ የሚጠበቅ እንስሳትን ማራባት ይከለክላል። ነጭ ድመቶች ይህ ክርክር ከሚነሣባቸው መካከል ናቸው። ነጭ ድመት ያለ ጆሮ ምርመራ የሚያራባ ሰው የሚሠራው ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ይህን ለሻጭዋ በትሕትና ቢነግሯት ነውር የለውም። የሚሰማ ነጭ ድመት ከሚሰማ ነጭ ድመት ጋር ቢዋለድም የማይሰማ ግልገል ሊወለድ ይችላል፤ ምርመራው ሁኔታውን ያሻሽላል እንጂ ሥሩን አይነቅለውም።

ምርመራው አትሰማም ቢልስ? ልጅዎ ከወደደቻት ይውሰዷት፤ ለመዋለድ ግን አይሁን። የማትሰማ ድመት መልካም ሕይወት ትኖራለች። ከቤት ብቻዋን አትውጣ። ስትተኛ በድንገት አይንኳት፤ ወለሉን ወይም የተኛችበትን ጥግ መታ መታ አድርገው ይቀስቅሷት። ለእራት መብራት አብርቶ ማጥፋት ትማራለች፤ የእጅ ምልክትም ትለምዳለች። ልጅዎ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁላችሁ የተሻለች አስተማሪ ትሆናለች።

ጥያቄ። የሲያሚዝ ድመት አለችኝ። ሁለቱም ዓይኖቿ እንደ ሰማይ ናቸው። ጓደኛዬ “ደንቆሮ ናት፣ ሰማያዊ ዓይን ሁሉ እንደዚያ ነው” አለችኝ። እኔ ግን ገና የቁም ሣጥኑን በር ስከፍት ትመጣለች።
*ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ። ትሰማለች። የሲያሚዝ ሰማያዊነት ሌላ መንገድ ነው የመጣው። በእነርሱ ዘንድ ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት ቆዳም፣ ዓይንም፣ ጆሮም በሰላም ደርሰዋል፤ የጎደላቸው ቀለሙን የሚያበስለው ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ሙቀት ሲበዛበት ይሰንፋል፤ ለዚህ ነው የድመትዎ ሞቃት ሆድ ነጣ ብሎ፣ ቀዝቀዝ የሚሉት ጆሮዋ፣ አፍንጫዋ፣ እግሯና ጅራቷ የጠቆሩት። ጆሮ የሚፈልገው ሕዋሱን ራሱን ነው፤ ቀለም ይሥራ አይሥራ አያስጨንቀውም። ጓደኛዎ የተጠቀመችበትን ቃል ግን ለድመትም ቢሆን አልወደውም፤ መስማት አለመቻልን ከአለማወቅ ጋር የሚያምታታ ቃል ነው።

ጥያቄ። ዶክተር፣ ከባለቤቴ ጋር ሜይን ኩን ድመቶችን ለማራባት አስበናል። አንድ ሰው ዓይናቸው ሰማያዊ የሆነ፣ ፀጉራቸው ግን ጥቁርና ግራጫ የሆኑ ሁለት ድመቶች፣ ወንድና ሴት፣ በእጥፍ ዋጋ አቀረበልን። ነጭ ስላልሆኑ የጆሮ ችግር የለባቸውም ይላል። እናዋልዳቸው?
*ከዳላስ*

መልስ። ወንድሜ፣ እነዚህን ሁለቱን እርስ በርሳቸው አታዋልዱ። ይህን የምለው ጠንከር አድርጌ ነው።

ፀጉሯ ባለቀለም ሆኖ ዓይኗ ሰማያዊ የሆነች ድመት ከደብልዩ የተለየ ዘር ሊኖራት ይችላል። የብዙዎቹ ምክንያት ፓክስ3 የሚባለው ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል የሰው ልጅም አለው፤ በሰው ላይ ሲበላሽ የዋርደንበርግ ሕመም የሚባለውን ያመጣል። ስሙ በ1951 ከገለጸው ከሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም የመጣ ነው፦ በጣም ሰማያዊ ዓይን፣ በግንባር በኩል ነጭ የፀጉር ዘለላ፣ አንዳንዴም መስማት አለመቻል። በ2024 በታተመ ጥናት ደግሞ እንዲሁ ሰማያዊ ዓይን ባላቸው ሜይን ኩኖች ላይ ፓክስ3 ተበላሽቶ፣ የመስማት ጉድለትም አብሮ ተገኝቷል። ሻጩ ነጭነትን ብቻ መፍራቱ ስሕተት የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ የባሰው የሚመጣው አንድ ግልገል ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ቅጂ ሲወርስ ነው። በ1980ዎቹ በኒው ሜክሲኮ ኦሆስ አሱሌስ የሚባል ሰማያዊ ዓይን ያለው ዝርያ ተነሥቶ ነበር። ሁለት ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ሲዋለዱ የራስ ቅላቸው የተበላሸና ሞተው የሚወለዱ ግልገሎች ታዩ፤ የዝርያው እርባታም በዚህ ምክንያት ተገታ። ያንን ስሕተት ድመቶቻችሁ ላይ እንደገና የምንማርበት ምክንያት የለም።

የዲኤንኤ ምርመራ እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። በፓክስ3 ላይ የሚታወቁት ለውጦች ከአንድ በላይ ናቸው፣ ከተለያዩ የዘር ሐረጎች የመጡ። ላቦራቶሪው አንዱን ብቻ ፈልጎ ሲያጣ “የለባትም” ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ግን ሊኖርባት ይችላል። ስለዚህ የትኞቹ ለውጦች እንደተመረመሩ በስም ይጻፍላችሁ፤ ሁለቱም የጆሮ ምርመራ ይደረግላቸው። ከገዛችኋቸውም እያንዳንዳቸውን ዓይኑ ሰማያዊ ካልሆነ፣ ከተመረመረም ድመት ጋር ብቻ አዋልዱ። ለእኔ ምርጫው ቢሰጠኝ ግን አልገዛቸውም። የሜይን ኩን ውበት በወርቃማና በአረንጓዴ ዓይኑም ሙሉ ነው፤ ገንዘባችሁ ለፋሽን ሲሄድ ያዝነኛል።

ጥያቄ። ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የሃያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አቢሲኒያን ድመት አለችኝ፤ ስሟ ጣና። አባቴ “ይቺ የአገራችን ድመት ናት፣ እንግሊዞች ናቸው የወሰዷት” እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያወራል። ላዋልዳት ብዬ የዲኤንኤ ናሙናዋን ከጉንጯ ወስጄ ላክሁ፤ ለአንድ የሬቲና በሽታ “ተሸካሚ” ናት የሚል መጣ። ትታወራለች ማለት ነው? አልቅሻለሁ።
*ከስቶክሆልም*

መልስ። ልጄ፣ ዕንባሽን ጥረጊ። ጣና በዚህ በሽታ አትታወርም።

በሽታው ሴፕ290 በሚባል ዘረመል ላይ ያለ ስሕተት ነው። የምትኖሪበት አገር ለዚህ ታሪክ ቅርብ ነው፤ የአቢሲኒያን ሬቲና ቀስ በቀስ ሲጠፋ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አይተው የዘገቡት በስዊድን የሚሠሩ ሐኪሞች ናቸው። ስሕተቱ ያለበት ቦታ የታወቀው በ2007 ነው። በዚያው ዓመት የድመት አጠቃላይ ዲኤንኤ የመጀመሪያ ረቂቅ ንባብ ታተመ፤ የተነበበችውም ሲናሞን የምትባል አቢሲኒያን ነበረች። በሽታው ያለባት ግልገል ስትወለድ ደኅና ታያለች፤ ሬቲናዋ ሲዳከም በሐኪም መሣሪያ የሚታየው በሁለተኛ ዓመቷ ገደማ ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹ ይታወራሉ።

ግን ይህ የሚደርሰው የተበላሸውን ቅጂ ከእናትም ከአባትም በወረሰች ላይ ብቻ ነው። ጣና ተሸካሚ ናት ማለት አንድ የተበላሸና አንድ ጤነኛ ቅጂ አላት ማለት ነው፤ ጤነኛው ዓይኗን ሙሉ ያደርጋል። ለፍራንክፈርቷ እናት ወረቀቱ መልስ አይሰጥም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለአንቺ ግን ይሰጣል፤ ሙሉውን መልስ ይሰጣል። ምክንያቱም እዚህ ላይ ሁለት የተበላሸ ቅጂ ያላት ትታመማለች፣ አንድ ያላት አትታመምም፤ በመንገድ የሚቀር፣ በዕድል የሚወሰን ጉዞ የለበትም።

ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ሲሆኑ እያንዳንዱ ግልገል ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለው። አባትየው ሁለት ጤነኛ ቅጂ ካለው ግን አንድም አይታመምም፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ጣና ተሸካሚ ይሆናሉ። ስለዚህ ከማንኛውም ወንድ ጋር ከማገናኘትሽ በፊት የእርሱን ውጤት በእጅሽ ያዢ። ሰው ተሸካሚዎችን ሁሉ አስወግዱ ቢልሽ አትስሚው። አቢሲኒያን ቁጥሩ ብዙ ያልሆነ ዝርያ ነው፤ ጥሩ ጠባይና ጤና ያላትን ድመት በአንድ ቅጂ ምክንያት ማስወገድ ዘሩን ያጠበዋል፤ የጠበበ ዘር ደግሞ ሌሎች ድብቅ በሽታዎችን ያወጣል።

ወደ አባትሽ ልምጣ፤ ቅር እንዳይላቸው በቀስታ ንገሪያቸው። ዙላ የምትባል ድመት ከመቅደላው ጦርነት በኋላ በ1868 ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደች ተጽፏል፤ በ1874 በታተመ መጽሐፍም ሥዕሏ አለ። ስሟም የናፒየር ሠራዊት ከወረደበት ወደብ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን በሆላንድ ላይደን ሙዚየም ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ በ1830ዎቹ የተገዛ፣ ፀጉሩ እንደ ጣና የሆነ ድመት አለ፤ ምንጩ ሕንድ ተብሎ ተጽፎበታል። የዘረመል ጥናቶችም የሚያመለክቱት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ስሙ የእኛ ነው፤ ዘሩ ምናልባት በመርከብ የመጣ ነው። እኔ በስሙ ደስ ይለኛል፤ ለአባትሽም ይህ የሚበቃ ይመስለኛል።

ግልገሎች ከተወለዱ የእያንዳንዳቸውን ናሙና ከጉንጫቸው ውሰጂ፤ ግን ጠብተው ወዲያው አይሁን። ከእናታቸው ለየት አድርገሽ ጥቂት አቆዪያቸው። አፋቸው ውስጥ የቀረው ወተት ከጣና ሕዋሳት ጋር ስለሚመጣ ላቦራቶሪው የግልገሏን ትቶ የእናትየዋን ዘር ሊያነብልሽ ይችላል። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ስም ጻፊ፤ በአንድ ፖስታ ውስጥ ስድስት የሚመሳሰሉ የናሙና ጥጥ እንጨቶች ሲደርሱን ምን ያህል እንደምንቸገር አታውቂም።